ዘጠኝ ሆነን በጣና ላይ

ነገሩ የጀመረው በስልክ በመጣ ፎቶግራፍ ነው። የአንዱ ወንድማችን እህት አሜሪካ ትኖራለች። ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር በትልቅ መርከብ ተሳፍራ አምስት ቀን ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ሄዳ ነበር። መርከቡ ፎቅ በፎቅ ነው። መዋኛ አለው፣ ምግብ ቤት አለው፤ ማታ ማታ ደግሞ ዝማሬና ስብከት ነበረን ብላ ጻፈችልን። እኛ በእንጅባራ ብርድ ጋቢ ተከናንበን፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየበላን ስልኩን ተቀባበልነው። ከመካከላችን አንዷ «እኛስ ባሕር የለንም እንዴ?» አለች። ሁላችንም ሳቅን።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አሰብንበት። ጣና ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር ለሕክምና ሄደናል፣ ለትምህርት ማስረጃ ሄደናል፣ ዘመድ ለመቀበል ሄደናል። ሐይቁን ግን ያየነው በመኪና መስኮት ነው። ጀልባ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ከመካከላችን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በተማሪነቱ። በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ፣ የፈረሰኞቹ በዓል ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜና እሑድ እንሂድ ተባባልን። መኪናው፣ ጀልባው፣ መኝታውና ምግቡ ተደምሮ በነፍስ ወከፍ 1,500 ብር ደረሰ።

እኛ ማን ነን? ግማሾቻችን እንጅባራ፣ ግማሾቻችን ዳንግላ የምንኖር፣ በወጣትነታችን በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን የተገናኘን ጓደኛሞች ነን። በአዊ የወንጌል አማኞች ጥቂት ነን። ስለዚህ ሰርግ ሲኖር ሚዜው፣ ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ተካዩ፣ ልጅ ሲወለድ ገንፎ አገንፋይዋ ያው እኛው ነን። በወር አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ እንጅባራ አንድ ጊዜ ዳንግላ እየተገናኘን እንጸልያለን። በጀልባው ላይ የነበርነው ዘጠኝ ነን፤ ይህን የምንጽፈው ግን ስድስታችን ነን። የቀሩት ሦስቱ ታሪኩ እንዲነገር ፈቅደውልናል፤ ስማችን ይቆይ ብለዋል።

ከሦስቱ አንዱ የከሰል ነጋዴ ነው። አዊን የሚያውቅ ሰው ዲከረንስን ያውቃል። ገበሬው ችግኙን በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር ያበቅለዋል። በ4 ወይም በ5 ዓመት ዛፉ ይደርሳል፤ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ በጭነት መኪና አዲስ አበባ ድረስ ይሄዳል። በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳ በዚህ ዛፍ ቆርቆሮ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያስተማረ ሰው ብዙ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በሽታ ገባበት። ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰለ ነገር ይወጣና ዛፉ እንደ ቆመ ይደርቃል። ወንድማችን በ2013 ዓ.ም. የቆመ ደን ለመግዛት ከሌሎቹ ሁለት፣ ከአስተማሪ ባልና ሚስት፣ 60 ሺህ ብር ተበደረ። ባልና ሚስቱ ቤት ለመጨረስ ያጠራቀሙት ነበር። ወረቀት አልተጻፈም፤ በወንድማማችነት ነው የተሰጠው። ደኑ ተገዛ፣ ደኑ ደረቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ያሳፍረናል። ጠብ አልተነሣም። በጉባኤ ሲገናኙ ይጨባበጣሉ፣ «ጌታ ይባርክህ» ይባባላሉ። ቡና ግን አብረው አይጠጡም፤ በጸሎት ክብ ላይ ጎን ለጎን አይቆሙም። ሁላችንም እናውቅ ነበር። የምናደርገው ግን «ጌታ ሆይ አንድነታችንን ጠብቅ» ብሎ መጸለይ ብቻ ነበር። አሜን እንላለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ እንለያያለን። ሁለት ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እንዲህ ኖርን፤ ይህንንም ሰላም ብለን ጠራነው።

የጉዞው ነገር ሲመጣ ነጋዴው ወንድማችን አልመጣም አለ። ሚስቱ አራስ ናት፤ ምክንያቱ ያስኬዳል። እውነተኛው ምክንያት ግን 1,500 ብሩ እንደሆነ ገብቶናል። ስለዚህ ስድስታችን በስውር አዋጥተን ከፈልንለት። ለእሱ ግን «ለአንተ የሚሆን ከጋራ ገንዘባችን ተርፏል፤ ለማንም አልከበደም» አልነው። ውሸት ነበር፤ የጋራ ገንዘባችን ባዶ ነው። ባልና ሚስቱንም ምንም አልነገርናቸውም። ቀኝ እጅ የምትሰጠውን ግራ አትወቅ የተባለውን እየፈጸምን መስሎን በጣም ደስ ብሎን ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከእንጅባራ ተነሣን። አዲስ ቅዳም ላይ ጉሙ ገና አልተነሣም። ዳንግላ ላይ የቀሩትን ጭነን በዱርቤቴ አልፈን ወተት አባይ ደረስን። ግልገል አባይን ስንሻገር ታሪክ የሚያስተምረው ወንድማችን ሾፌሩን አስቆመውና ትምህርት ጀመረ። ይህ ወንዝ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ተነሥቶ ወደ ጣና ይገባል፤ እኛም እሱን ተከትለን ነው የምንወርደው አለ። ብርድ ስለነበረ ብዙም አልሰማነው። ባሕር ዳር ስንገባ ግን ሁላችንም ጃኬት አወለቅን።

ጀልባው መርከብ አይደለም። ከላይ ሸራ፣ በጎንና በጎን አግዳሚ ያለው የሞተር ጀልባ ነው። ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ሰጡን። ዘጠኛችንም ዋና የማንችል ደገኞች ነንና ጃኬቱን አስረን ስንጨርስ መተንፈስ አቃተን። ከመነሣታችን በፊት ማርቆስ 4 ከቁጥር 35 እስከ 41 ተነበበ። (ጀልባ ላይ የወጣ አማኝ ሁሉ ይህን ክፍል ያነብባል፤ እኛም አላመለጥንም።) ጀልባ ነጂው ወጣት ኦርቶዶክሳዊ ነው። አንብበን እስክንጨርስ ቆብ አውልቆ ጠበቀን። ከዚያ «ጋሼ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከዘጌ እንውጣ» አለ። እሺ አልነው።

የጠዋቱን ሐይቅ እንዴት ብለን እንንገራችሁ? ውሃው ጸጥ ብሎ ሰማዩን ይዞታል። ደንገል ተሸርቦ በተሠራ ታንኳ ላይ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይቀዝፋል፤ ከኋላው የማገዶ እንጨት ከምሯል። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ ታንኳውን በየጊዜው አውጥተው ማድረቅ አለባቸው፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው አለን ነጂው። ጣና ከሀገራችን ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጥልቀቱ ግን በብዛት ከ15 ሜትር አያልፍም። ይህን የነገረን ታሪክ አስተማሪው ነው። ከእህቶቻችን አንዷ «ለመስጠም ሁለት ሜትርም ይበቃል» ብላ ዝም አሰኘችው። ክብራን ገብርኤልን በሩቁ አየነው። ሴት ስለማይገባበት ሁላችንም የምንገባበትን መርጠን ወደ ዘጌ አለፍን።

ዘጌ ላይ ወርደን በቡናው ጫካ ውስጥ በእግር ሄድን። በዘጌ እንደ እኛ አገር እርሻ የለም፤ ሰዉ በቡናና በጌሾ ይተዳደራል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ ስንደርስ ከመካከላችን ሁለቱ ለመግባት አመነቱ። የእኛን ዓይነት አስተዳደግ ያለው ሰው ይህን ማመንታት ያውቀዋል። ያን ጊዜ አስተማሪው ስለ አቡ ሩሚ አነሣ። መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ የተረጎመው የጎጃም መነኩሴ ነው፤ ሥራውን የሠራው በካይሮ ሆኖ ነው፤ ሙሉው መጽሐፍ የታተመው እርሱ ካረፈ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1840 ነው አለን። «ዛሬ በአማርኛ የምናነበው ሰው ስለደከመልን ነው፤ የደከመውም መነኩሴ ነው» አለ። ጫማችንን አውልቀን ገባን። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ከተሳሉት ታሪኮች ብዙዎቹን ከሰንበት ትምህርት ቤት እናውቃቸዋለን። አንዳንዶቹን አናውቃቸውም፤ ጠየቅን፣ በትሕትና ነገሩን።

ከዚያ ቡና ተፈላልን። ዘጌ ድረስ መጥቶ የዘጌን ቡና ሳይጠጡ መሄድ አይሆንም። ስድስት ሰዓት የተባለው ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። ነጂው ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠራን፤ ሁለት ጊዜም «መጣን» አልነው። የኋላው ሁሉ ጥፋቱ የእኛ እንጂ የልጁ አይደለም።

ስንመለስ ነፋሱ ተነሥቷል። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መሰለን፤ ውሃ ሲረጨን እንስቃለን። ነጂው ሐሳባችንን ለማስቀየር መሰለን ስለ እምቦጭ ይነግረን ጀመር። አረሙ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ ነው ይበልጥ የያዘው። በሐይቁ ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። ነጋዴው ወንድማችን ቀኑን ሙሉ አልተናገረም ነበር። አሁን ግን «መጀመሪያ ሲመጣ ምን ይመስል ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«አበባ ነው ጋሼ። ሐምራዊ፣ የሚያምር። ማን ይጠረጥራል?»

«የእኔም እንደዚያው ነው» አለ ወንድማችን። «ቅጠሉ ላይ ጥቂት ቡኒ ነገር አየሁ። ዝናብ ሲመጣ ያጥበዋል አልኩ።»

ዲከረንሱን ማለቱ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለዚያ ደን በፊታችን ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። የአስተማሪው ሚስት ፊቷን ወደ ውሃው አዞረች። ከዚያ ሳትዞር፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ለጀልባ ብር ይገኛል» አለች።

በቤት ውስጥ ቢሆን አንዳችን ተነሥተን ሻይ እናመጣ ነበር። አንዱ «እስቲ እንዘምር» ይል ነበር። ጀልባ ላይ ግን መሄጃ የለም። ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ተቀምጠናል። ወንድማችን ፊቱ ጠቆረ። «ይህ እኮ ከጋራ ገንዘብ ነው» አለ። አስተማሪው «የትኛው የጋራ ገንዘብ? ባዶ አይደለም እንዴ?» አለ፤ ሂሳብ ያዡ እሱ ነው። ሁሉም እኛን አዩን።

ያን ጊዜ ነው ሞተሩ የቆመው። የተቀደደ የዓሣ መረብ ከሥር ተጠምጥሞበት ነበር። ጀልባው አቅጣጫውን አጥቶ በጎኑ ወደ ማዕበሉ ዞረ። ከዚህ በኋላ ማዕበሉ በልባችን ውስጥ ነበር ብለን ብንጽፍ ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ማዕበሉ ሐይቁ ላይ ነበር፤ ውሃውም እግራችን ሥር እየገባ ነበር። ነጂው ጎንበስ ብሎ በቢላ መረቡን ይቆርጣል፤ ሁለታችን ቀበቶውን ይዘነዋል። የጸለይነው ጸሎት በሕይወታችን ከጸለይነው ሁሉ አጭሩ ነው። መግቢያ የለው፣ መዝጊያ የለው።

ጠዋት ያነበብነው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር አለ። ደቀ መዛሙርቱ ጌታን ሲቀሰቅሱት የተናገሩት የእምነት ቃል አይደለም፤ ቅሬታ ነው። ስንጠፋ አይገድህምን የሚል ነው። ጌታም አስቀድሞ ነፋሱን ገሠጸ፤ ስለ እምነታቸው የጠየቃቸው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብከነዋል፣ ቅሬታውን ግን ሁልጊዜ እንደ ጥፋት ብቻ ነበር የምናየው። ሁለት ዓመት ሙሉ በመካከላችን ቅሬታውን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው አልነበረም። እህታችን ተናገረችው። አነጋገሯ መራራ ነበር፤ ነገር ግን ከእኛ ጸሎት ይልቅ እውነት ነበር።

መረቡ ተቆርጦ ሞተሩ እስኪነሣ 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። በዚያ መካከል ከስድስታችን አንዷ፣ በዳንግላ ነርስ የሆነችው እህታችን፣ እያለቀሰች «የከፈልነው እኛ ነን፤ ዋሽተናችኋል» አለች። እንደሚቀል ጠብቀን ነበር። ነጋዴው ወንድማችን ግን «ለማኝ አደረጋችሁኝ። ብነግራችሁ ኖሮ እሺ፤ ሳልጠይቃችሁ» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም። ማቴዎስ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ የሚለው ትእዛዝ ለእነዚያ ለሁለቱ ብቻ የተጻፈ ይመስለን ነበር። በእኛም ላይ ነገር ያለበት ወንድም እንዳለ የዚያን ቀን አወቅን። ይቅርታ ጠየቅነው። ዝም አለን፤ መብቱ ነው።

ባሕር ዳር የደረስነው ልብሳችን እንደራሰ ነው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ እናያለን ብለን ነበር፤ ማንም አላስታወሰውም። ለነጂው ከተስማማነው ጨምረን ከፈልነው፤ ይቅርታም ጠየቅነው። ሁለቱ ወንዶች በሐይቁ ዳር በዛፎቹ ሥር ወደ ፊት ሄዱ። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማንም፤ ኋላም አልጠየቅንም። እኛ ስድስታችንና የአስተማሪው ሚስት ዓሣ ቤት ገብተን ቁጭ አልን። ጉላሽ መጣ፣ ቀዘቀዘ።

ሲመለሱ የመጣው ወረቀት ነው። ከደብተር የተቀደደ ቅጠል ላይ በየወሩ 1,500 ብር ይከፈላል ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለቱም ፈርመዋል። አስተማሪው ለሚስቱ ሰጣት። አላነበበችውም። አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ወረቀት እኔ መቼ ጠየቅሁ?» አለች ወንድማችንን እያየች። «ብሩም አይደለም፤ ደኑ መድረቁን አይቻለሁ፣ ሄጄ አይቻለሁ። በራችን ላይ አንገትህን ደፍተህ የምታልፈው ነው። ልጄ ‹እማዬ፣ አጎቴ አሁን ለምን አይገባም?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

እሱም ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። «በምን ፊቴ ልግባ? ባዶ እጄን?»

«ባዶ እጅህን ግባ። ሚስትህ ስትወልድ እንኳ ከሰው ነው የሰማሁት። ገንፎውን ማገንፋት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

ከዚህ በኋላ ሁሉም ደህና ሆነ አንልም። እሑድ ጠዋት በመኝታ ቤታችን ሰገነት ላይ ስንዘምር ነጋዴው ወንድማችን ከእኛ ራቅ ብሎ ነው የቆመው። ከእኛ ጋር እንደ ቀድሞው ለመሆን እስከ ፋሲካ ቆየ። ከባልና ሚስቱ ጋር የታረቀው ከእኛ ጋር ከመታረቁ በፊት ነው፤ ይህም ትንሽ አሳመመን። ማክሰኞ እህታችን የገብስ ዱቄትና ቅቤ ይዛ አራሷን ልትጠይቅ ሄደች። ልጅቷም አብራ ሄደች።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በሆነው ነገር መንገዱ እንደልብ አይኬድም። ከእንጅባራ ዳንግላ ያለው አጭር መንገድ እንኳ የሚዘጋበት ወር አለ፤ በወር አንድ ቀን የነበረው ጸሎታችንም ተቆራርጧል። ስልክ በሚሠራበት ጊዜ በስልክ እንጸልያለን። የከሰል ንግዱም ቀዝቅዟል። ወንድማችን አንዳንድ ወር 1,500፣ አንዳንድ ወር 500 ይከፍላል፤ ምንም የማይከፍልበት ወርም አለ። ምንም በሌለው ወር ግን ራሱ ሄዶ ቁጭ ይላል። ቡና ይፈላል፣ «ዘንድሮ የለኝም» ይላል፣ እሷም «ስኒህን አምጣ» ትለዋለች።

አሜሪካ ያለችው እህታችን ባለፈው ደግሞ ሌላ መርከብ ላይ ሆና ፎቶ ልካለች። እኛም የእኛን ላክንላት። ዘጠኝ ሰው ብርቱካናማ ጃኬት ለብሶ፣ ከመነሣታችን በፊት ጠዋት የተነሣነው ነው። አስተማሪው ዓይኑን ጨፍኗል፤ ሚስቱ በአንድ ጫፍ፣ ነጋዴው በሌላው ጫፍ ነው የቆሙት። «ምነው ተራራቃችሁ?» ብላ ጻፈችልን።